ጊደሯን ያሻገርኩ ዕለት

ደሳለኝ ዓለሜ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ የሦስተኛው ደመና ከጉና በኩል መቆለል ጀምሯል። እንዴት ሰነበትክ እንዳልልህ የት እንደምትሰነብት አላውቅም። ቄስ አምሳሉ ያለህበት ከዚህ የተሻለ ነው ይሉኛል። ይሁንላቸው። እኔን የሚሻለኝ ግን እዚህ ብትሆን ነበር።

ቤታችን ደህና ነው። ልጅህ ትሁት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የጎረቤት ላም ስታስል በሰማች ቁጥር ሄዳ ጆሮዋን ከጎኗ ትለጥፋለች፤ ከየት እንደተማረችው አንተ ታውቃለህ። በቅሎዋን ሸጥኳት። የመርፌ ቦርሳህን መሥሪያ ቤትህ ወሰደው፤ የክት ጫማህን ለወንድምህ ሰጠሁ። ካፖርትህን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ስንቱ ጠየቀኝ መሰለህ።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ድልድዩ ነው፤ ለሌላ ሰው ብናገረው ምስጋና ቢስ ይለኛል።

አንተን ከቀበርን በኋላ ሰው ሁሉ ይህ ወንዝ ድልድይ ያስፈልገዋል ማለት ጀመረ፤ ወንዙ ያን ዓመት የፈለቀ ይመስል። ወረዳ ደጅ ተጠና፣ ተራችሁን ጠብቁ ተባለ። በመጨረሻ ራሳችን አዋጥተን የእግረኛ ድልድይ እንሥራ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄስ አምሳሉ ሰብሳቢ ሆኑ። እኔንም ሳይጠይቁ አባል አደረጉኝ። ሐዘኔን እንደ ማስታወቂያ ለጠፉት። በየስብሰባው «የሟች ባለቤት እዚህ አለች» እያሉ ያስነሱኛል፤ ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወደ ወሬው ይመለሳል።

የእኛ ወገን ቢያጉረመርምም አዋጣ። የማዶ ሰዎች ግን አንድ ቁና ገብስ አላወጡም። ከዚህ በፊት ለመንገድ ያዋጣነው የት ገባ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የት እንደገባ እኛም አናውቅም። ኮሚቴ አናምንም፣ የከብት ሐኪሙ ሚስት ራሷ መጥታ ትጠይቀን ብለው ላኩ። ኮሚቴዎቹም እፎይ አሉ፤ ከእንግዲህ ጣጣው የእኔ ነዋ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ወደዚያ ወንዝ ወርጄ አላውቅም። ውሃ የምቀዳው ከላይኛው ምንጭ ነበር፤ ጀርባዬ እስኪቆረጥ ዳገት እወጣለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ወንዙ ቤት የገባ እየመሰለኝ ልጄን አቅፌ እቀመጣለሁ። ስለዚህ አልሄድም አልኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም፤ አዘኑልኝ። እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ኋላ ትሁት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከአራተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤቱ ማዶ እንደሆነ ታውቃለህ። ክረምት ሳይወጣ ትምህርት ሲጀመር እንዴት ነው የምሻገረው አለችኝ። በማግስቱ ቄስ አምሳሉ ዘንድ ሄጄ እሺ አልኳቸው።

ጥር ነበር፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ሌላው ሰው እያወራ ነው የሚሻገረው። እኔ መሀል ላይ ስደርስ እግሬ ተተከለ። ቄሱ እጄን ይዘው ይጎትቱኛል፣ እኔ ግን ወደፊትም ወደኋላም አልል አልኩ። የሚታየኝ ያ የነሐሴ ቀን ነው። ላሚቱ በሰላም ወለደች ብለህ ስትደውልልኝ ከወንዙ በላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። «እዚያው እደር» አልኩህ። «ሳይመሽ እደርሳለሁ» አልከኝ። ደራሽ ውሃው ቀደመህ።

ያን ሳስብ ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ወጣ። ምን አለ አንድ ሌሊት ብታድር? የማንን እራት ልትበላ ነው የቸኮልከው? የኔን ሽሮ? በልቤ ስሰድብህ፣ ስሰድብህ፣ ሳላውቀው ተሻገርኩ። ይቅር በለኝ አልልህም።

ማዶ አያ ፈንቴ ደጅ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን፤ ያን ቀን የጠራህ፣ ላሚቱን ያዋለድክለት ሽማግሌ። ያዘጋጀሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ። «ባሌ ለእናንተ ላም መጥቶ ነው የቀረው። አሁን ደግሞ ልጄ በዚሁ ውሃ ልትመላለስ ነው» አልኳቸው።

አያ ፈንቴ ተነስቶ ከበረት አንዲት ቀይ ቦቃ ጊደር ፈትቶ አመጣ። «በእጁ ያወጣት ይቺ ናት። ልሸጣት እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። ለድልድዩ ትሁን» አለኝ።

ደሳለኝ፣ ጠላኋት። ለዚች ነው እንዴ ብዬ በዱላ ብላት ደስ ባለኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ ነጠላዬን ታሸታለች። ከአያ ፈንቴ በኋላ ግን ሌላውም ተነሳ፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ መጣ።

ስንመለስ ጊደሯ ወንዙ ዳር ደርሳ ተገተረች። ውሃ ተሻግራ አታውቅም። ወንዶቹ ከኋላ በዱላ ይነርቷታል፣ እሷ ዓይኗን አፍጥጣ ትንቀጠቀጣለች። ያ መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ተዉአት ብዬ ገመዱን ነጠቅኳቸው። ቀድሜ ገባሁና ነይ፣ ነይ እያልኩ ጠራኋት፤ አንድ እግር ስታስገባ አንድ እርምጃ ወደኋላ እላለሁ። ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነበር። ደረቁን ስረግጥ ነው የት እንደነበርኩ የገባኝ። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። ኋላ ወገዳ ገበያ ለድልድዩ ስትሸጥ የገዛትን ገበሬ ለእርድ እንዳልሆነ አስምዬዋለሁ።

ፍርሃቴ ጠፋ ብዬ አልዋሽህም። በዚያ በጋ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኩ፤ ሁሌም እየፈራሁ።

ድልድዩ ግንቦት ላይ አለቀ። እልል ተባለ፣ ቄሶቹ ጸበል ረጩ። እኔ ግን ዳር ቆሜ ተቃጠልኩ። ድንጋዩ ያው የእኛው ድንጋይ፣ ገብሱ ያው ገብስ፣ ሰዉም ያው ሰው ነው። አንተ በሕይወት ሳለህም ሁሉም እዚሁ ነበር። የጎደለው አንድ ሬሳ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይባስ ብለው ስምህን በቆርቆሮ ጽፈው ድልድዩ ላይ ሊሰቅሉ ተነሱ። እንቢ አልኩ። ቄስ አምሳሉ ክብር እኮ ነው ልጄ ብለው ሲለምኑኝ፣ «አባቴ፣ ስሙን ከወንዙ ጋር አያጋቡብኝ» አልኳቸው። ተዉት።

ድልድዩ ለተሻጋሪ ይሁን። ትሁት በላዩ ስታልፍ ትምህርቷን ታስብ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሳቅ። አንተን ማሰብ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለቆርቆሮ አላካፍለውም። አሁንም ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜዬ ያለቀ ዕለትም አልረሳህም።

ባለቤትህ