ቦርዱ አልተቃጠለም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህን ጠይቄ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝ። ቦርዱ አልተቃጠለም። ሰማኸኝ? አልተቃጠለም! ለእማዬ ጆሮ ብለህ ስንት ወር የደከምክበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ቁም ሣጥን ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ሦስት ዓመት ሲተኛ ደህና ነበር። ትናንት ጠገንኩት። ጠገንኩት ማለትም ያሳፍረኛል፤ ብየዳ እንኳ አልነካሁም።

ያን ቅዳሜ እንደማትረሳው አውቃለሁ። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ የገዛንላት የጆሮ መሣሪያ የበሩንም፣ የድስቱንም፣ የሰውንም ድምፅ እኩል ሲጮኽባት እማዬ አውልቃ ወረወረችው። አንተም «የሰው ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ እኔ ራሴ እሠራልሻለሁ» አልካት። አጎታችን ያ ኤፍፒጂኤ የሚባለው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅህ፣ «ውስጡን እንደፈለግኩ የማዋቅረው ቺፕ ነው፤ ዛሬ ሰዓት፣ ነገ ሬዲዮ አደርገዋለሁ» አልከው። «እንግዲያው ፀባዩ እንዳንተ ነው» ብሎ አሳቀን።

ቺፑ ላይ የጫንከው የመጀመሪያው ሥራህ ያፏጭ ነበር። አስተካክለህ ያን ቅዳሜ ሁለተኛውን ልትጭንበት ስትል፣ እማዬ ማዳመጫውን አጥልቃ፣ አጎታችን ከነሚስቱ ቁጭ ብለው እያዩህ፣ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላውቀውም አለ። ነቀልክ፣ ሰካህ። ገመድ ቀየርክ። አጎታችን ጉሮሮውን ጠረገ። «ተቃጥሏል» አልክ። «ምኑ?» ብልህ «አትጠይቂኝ አልኩ!» ብለህ ጮህክብኝ። እማዬ ምንም አልሰማችም። «ጀመረ እንዴ?» አለች።

ከዚያ ሩቅ ያለውን ሥራ ተቀበልክና ሄድክ። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። እማዬ በስልክ አይሰማትም፤ እኔን ደግሞ የቦርዱን ነገር ታነሳብኛለች ብለህ ትፈራለህ። ቀስ በቀስ «ደህና ነኝ» የምትል መልእክት ብቻ ሆነች፤ መልእክቷም እየራቀች ሄደች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት አንተ ነህ። እኔም ተቃጥሏል ያልከውን አምኜ ዞር ብዬ አላየሁትም። ታላቅ ወንድም ሲናገር ማን ይጠራጠራል?

ሰኞ ዕለት ታዲያ ያንተኑ ስህተት እኔው ደገምኩት። በማስተምርበት ቤተ ሙከራ አንዲት መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ ገመድ አለች። ከሌሎቹ እንድትለይ ስም ላውጣላት ብዬ የስም መስጫውን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ጻፍኩ፣ ጨረስኩ። ከጎኗ ተሰክቶ የነበረው ቦርድ ድንገት ከኮምፒውተሩ ጠፋ። ለካ የገመዷም የቦርዱም ማገናኛ ቺፕ አንድ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ስሙን የጻፈው መጀመሪያ ያገኘው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «ማነህ?» ሲለው ቦርዱ «ገመድ ነኝ» ይላል። ሥራ የሚጭንበት ፕሮግራምም አልፎት ሌላ ይፈልጋል። ሌላ ምንም አልሆነም!

እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አንተ ትዝ አልከኝ። ያን ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ገመድ ይዘህ መጥተህ «ይቺን ስም ላውጣላት» ስትል ሰምቼሃለሁ። ወይ ወንድሜን! ቦርዱን ሳትነቅል!

የቤተ ሙከራው ቦርዶች ካንተው ቦርድ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። እንዲገዙ የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ካንተ ቦርድ ሌላ የማውቀው የለ። ከደህናው ቦርድ ላይ «ማነህ?» ሲባል የሚመልሰውን መታወቂያ ገልብጬ መጀመሪያ የእነሱን አዳንኩ። ትናንት ደግሞ ያንተን ከነፎጣው ተሸክሜ ሄጄ መታወቂያውን መልሼ ጻፍኩበት። ነቅዬ ስሰካው ኮምፒውተሩ ወዲያው አወቀው። መሳቢያህ ውስጥ በፍላሽ ትተኸው የሄድከውን ሁለተኛውን ሥራህን ጫንኩበት። አላፏጨም። ወንድም ጋሼ፣ ልክ ነበርክ። አንዲት ፊደል ሳልነካበት ሠራ።

አንጀቴ የሚቃጠለው ግን እዚህ ላይ ነው። የእማዬ ቀኝ ጆሮ ባለፈው ዓመት ጨርሶ ሄደ። ግራውንም ሐኪሟ «እስካለ ድረስ ተጠቀሙበት» ብሎናል። ያኔ ሁለቱም ነበሩ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር እኮ!

ቤት ስመለስ ማዳመጫውን አጠለቅኩላትና «እማዬ» አልኳት፤ እንደወትሮው ሳልጮህ፣ በቀስታ። ዘወር አለች። «ወይ ጉድ! ድምፅሽ ወፍሯል፤ ጉንፋን ነው እርጅና?» አለችኝ። ሳቅን፣ አለቀስን። ከዚያ ያመለጣትን የጎረቤት ወሬ በሙሉ ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ፤ እኔም አላሳፈርኳትም።

አመሻሹ ላይ ደከማት ብዬ ማዳመጫውን ላወልቅላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«የአባታችሁን ሳል እንኳ አስታውሳለሁ» አለች። «የልጄን ድምፅ ግን አጣሁት። ፊቱ ይመጣልኛል፣ አፉ ሲንቀሳቀስም አየዋለሁ። ድምፁ የለም። ወፍራም ነበር ቀጭን?»

ያንተን አነጋገር አስመስዬ «እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ» አልኳት።

«ተይ» አለችኝ። «እሱ እንዲህ አይልም።»

ስልኩን ከቦርዱ ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውልላት። አጎታችን እዚህ የለም፤ እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ። ስለ ቦርዱ ማንም አያነሳብህም። የፈለግከውን አውራላት፤ ስለ አየሩም ቢሆን፣ ስለ አለቃህም ቢሆን። ብቻ ረዘም አድርገው። ግራው ጆሮዋ እስከ መቼ እንደሚቆይ እኔም አላውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ።

ከጠዋት ጀምሮ ማዳመጫውን አላወልቅም ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ገና ደብዳቤውን እየጻፍኩለት ነው» ብላት፣ «ታዲያ ቶሎ በያ!» ብላ ተቆጣችኝ።

አፈኛዋ እህትህ