በቃል የተጠና ስሕተት

ውድ ልጄ ነጂባ፣

የአብርሃም አምላክ በሄድሽበት በባሕር ዳር ይጠብቅሽ። እናትሽን ሐሙስ ዕለት ፈላና በር አጠገብ አግኝቻቸው ነበር፤ ደኅና ናቸው። «ቁጥር እንደሆነ አያልቅ፣ ትምህርቱን ትጨርስና ትምጣ» ብለውኛል።

በጥናትሽ የተፈተነው የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ከሐረር ኮሌጃችን ወደ ሌሎች ስድስት ኮሌጆች ይስፋፋ ወይስ ይቅር የሚለው በእኔ የታዛቢነት ዘገባ እንደሚወሰን ሰምተሻል። ብትሰጊ አልፈርድብሽም። ተማሪ ከመማሩ በፊት ይሞክር፣ ስሕተቱንም በጓደኞቹ ፊት ያስረዳ ስትዪ፣ «ዕውር ዕውርን ይምራ ነው» ብዬ የመምህራኑን ጉባኤ ያሳቅሁብሽ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ለሙከራ ከተመረጡት ኮሌጆች በአንዱ ክፍል ገባሁ። ጥያቄው ከሶፊ ገጠር ጫት ጭኖ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ስለሄደ፣ በዚያው መንገድም በስድሳ ስለተመለሰ መኪና ነበር። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካይ ፍጥነቱ አርባ ስምንት ነው። አንዲት ተማሪ ወጥታ ሃምሳ አለች፤ ምክንያቷንም አሳምራ አስረዳች። ሁለተኛው ወጣ፤ ያንኑ፣ ቃል ሳያጎድል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለምን ለሁለት እንዳካፈለ ጠየቅሁት።

«ስሕተት ቁጥር ሁለት ነው፣ አባባ። ለፈተና ይመጣል ተብለናል።»

የሐረር ልጆች የተሳሳቱትን ለምሳሌ ያህል ለመምህራን ባዘጋጀሽው መምሪያ አትመሽው ኖሮ፣ መምህሩ በቃል አስጠንቷቸዋል።

ልጄ፣ እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። «ዘዴው አልሠራም» ብዬ ጻፍሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን የቅኔ ቤት ዘመኔ ፊቴ ተደቀነ። ቀን በየዛፉ ሥር ተበታትነን ቅኔ ስንቆጥር፣ የየራሳችንን ስንፈጥር ውለን ማታ ለየኔታ እንነግር ነበር፤ እሳቸውም በጉባኤው ፊት ያርማሉ። አንድ ቀን ማፈርን ፈርቼ የሌላ ሰው ቅኔ አጥንቼ ነገርሁ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «የሰው ቅኔ አርሜ ምን ልጥቀምህ? የራስህን ስሕተት አምጣልኝ» አሉኝ።

ሰባት ዓመት በዚህ ተኮትኩቼ ሳለ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ለማንም አላካፈልሁትም። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሽ ሰሌዳ ላይ ጀምረሽው የነበረውን ስሌት ሳትጨርሺ በእጄ አጠፋሁብሽ። ወዴት ልትሄጂበት እንደነበር ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ይቅር በዪኝ።

«አልሠራም» ያልሁበትን ገጽ ቀድጄዋለሁ። ዘገባዬ እንዲህ ይላል፦ ዘዴው ይስፋፋ፤ የታተመው የስሕተት ገጽ ግን ይቅር። መምሪያው ከመታደሉ በፊትም በየኮሌጁ ያሉት መምህራን ራሳቸው የማያውቁትን ጥያቄ እርስ በርሳቸው ፊት ቆመው ይሞክሩ። የኮሌጃችን ምክትል ዲን አንብቦት ፈገግ አለና፣ «ማን ደፍሮ ይጀምራል?» አለኝ። «እኔ» አልሁት። «በሰባ ሁለት ዓመትዎ ሊሳሳቱ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ፈረመ።

ስለዚህ ከበዓለ ሃምሳ በፊት አንድ ጥያቄ ላኪልኝ። የማልችለውን ምረጪ፤ መልሱን አትጻፊልኝ፣ ለሽምግልናዬም አትራሪልኝ።

በጸሎቴ የማልረሳሽ መምህርሽ፣
ጥበቡ ወልደ ጊዮርጊስ
ሐረር፣ አቦከር