አልጋዬን የወሰደው ባሚያ

ዓለምዬ፣ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ ጥርስ ጎድሎኛል፣ ወሬዬ ግን አልጎደለም። ከተማችን ኮኪት እንደተውሻት ናት። ክረምቱን ሙሉ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ከደጋ የወረዱት የሰሊጥ ሠራተኞች እየገፉ ሲያወጡት ከረመ። ልጃችን ሙሉ ከነባሏ «አባዬን ልጠብቅ» ብላ ግቢያችን ገብታለች። ማን ማንን እንደሚጠብቅ አንቺው ፍረጂ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ናፍቆቴን ላወራሽ አይደለም። ልወቅስሽ ነው። ያ ባሚያሽ መልሶ በቀለ።

ማንም አልዘራውም። አምና ለቅሶ ላይ ሆነን ሳንለቅመው አርጅቶ የረገፈው ፍሬ፣ ዘንድሮ ዝናቡን ሲያገኝ ግቢውን ሞላው። ዛሬ ለቅመሽው ከነገ ወዲያ ስትመለሺ እንደ ጣት ተቀስሮ ይጠብቅሻል፤ ትንሽ ከዘገየሽ እንጨት ይሆናል። ሙሉ ትኩሱን ሠራች፤ ለጎረቤት ሰጠች፤ ጎረቤት በቃን አለ፤ እንደገና ሠራች። እኔና ይህ ነገር እንዴት እንደሆንን ታውቂያለሽ። ከደባት ለሰሊጥ አጨዳ የወረድሁ ጎረምሳ ሳለሁ፣ እናትሽ ቤት መጀመሪያ ሲቀርብልኝ፣ ወጡ ከገንፎው እስከ አፌ ክር እየመዘዘ ተከተለኝ። ሳነሳው ይወርዳል፣ ስውጠው ይመለሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ያነጠሰበት መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «ደገኛው ፈራ» ብለሽ ሳቅሽ። ለዚያ ሳቅ ብዬ ዋጥሁት። ይኸው አርባ ዓመት ስውጥ ኖርሁ።

ሙሉ ደግሞ ነገረኛ ሆናለች፤ በማን እንደወጣች አልናገርም። ባሚያው ተነቅሎ የባሏ ትራክተር ማቆሚያ ይሁን አለች። «አባዬ፣ እርስዎ እንደሆን አይወዱት፤ እኔ ማድረቁን አልችልበት፤ ለማን ብለን ነው የምናቆየው?» ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አርባ ዓመት ስመኘው የኖርሁት ነገር ነው። አፌ ግን፣ «እኔ አደርቀዋለሁ» አለ። ባሚያው ከተነቀለ ከአንቺ ጋር በምን ልከራከር? ሙሉ ወጧን ማማሰል ትታ አየችኝ። «እሺ፣ ያድርቁታ። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ወይካ የሚባለው የወጥ ዱቄት ከወጣው ባሚያው አይነቀልም። ከበሰበሰ ግን እነቅለዋለሁ።»

ዓለምዬ፣ ሥራውን ስትሠሪ አይቼሻለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ፊቴን አዙሬ ነው ያየሁት። በእጄ መንካቱ ቀፍፎኝ ሁለቱንም እጄን በፌስታል አሰርሁ። አጠብሁት፣ ከተፍሁት፣ የሰሊጡን ላስቲክ መሬት ላይ ዘርግቼ አሰጣሁት። ዝናቡ ሲያጉረመርም ላስቲኩን ከነባሚያው ጠቅልዬ ግድግዳው ሥር ወሸቅሁት፤ ፀሐይ ስትወጣ ልፈታው። ፀሐይ ሦስት ቀን አልወጣችም። በአራተኛው ስፈታው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የሞተ አይጥ የጠቀለልሁ ነው የመሰለኝ። ግራጫ ዝቃጭ ሆኗል። ላዩ ጸጉር አብቅሏል፣ ውስጡ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል፣ ሳነሳው ልጋጉ ከጣቴ እስከ መሬት ተንጠለጠለ። ቁርሴን አጥሩ ሥር ትቼው ተመለስሁ። ምንም የማይንቀው ውሻችን እንኳ አንዴ አሽትቶ ዞረ።

ሙሉ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «ትራክተሩ እሑድ ይገባል» አለች። አንድ ለቀማ ብቻ ጨምሪልኝ ብዬ ለመንኋት፤ «አንድ ብቻ» አለች። ዓለምዬ፣ እኔ ለባሚያ ለመንሁ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አንቺን በሐሳቤ መልሼ አየሁሽ። አታጥቢውም ነበር። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ትለቅሚና በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ ትጠርጊዋለሽ፤ በቁመቱ ትሰነጥቂዋለሽ። ቀጥለሽ አልጋዬን ትወስጂያለሽ። በየመስከረሙ ያን የገመድ አልጋ ከሥሬ ጎትተሽ፣ ባሚያሽን አንጥፈሽበት፣ እኔን በሰሌን መሬት ትጥይኝ ነበር። ስነጫነጭ፣ «አንተ መሬት ብትተኛ አትሻግትም» ትይኛለሽ። እልህ ይመስለኝ ነበር። ለካ በገመዱ መካከል ከታች ነፋስ እንዲገባለት ኖሯል። ስንት ዓመት የተከራከርሁት ከነፋስ ጋር ነው።

ፌስታሉን ጣልሁ። በባዶ እጄ ለቀምሁ፤ የፍሬው ጸጉር አሳከከኝ። በባዶ እጄ ሰነጠቅሁ፤ ልጋጉ በጣቶቼ መካከል ተዘረጋ፣ ጺሜን ብነካ ጺሜ ተጣበቀ፣ ቢላዋው ከእጄ አልላቀቅ አለ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እስከ አንገቴ ቀፈፈኝ። አልጋዬን ራሴ አወጣሁት። እግሮቹን ድንጋይ ላይ አቁሜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ባሚያውን ደረደርሁት። ደመና ሲመጣ እኔና የሙሉ ባል አልጋውን ከነባሚያው ተሸክመን እናስገባለን፤ ሲገለጥ መልሰን እናወጣለን። ጎረቤቶች አልጋ ስንሸከም አይተው «ማን ታመመ?» ብለው ሮጠው መጡ። ባሚያ ነው አልኋቸው፤ ትንሽ እየተሻለው ነው።

በስድስተኛው ቀን ስነካው ተንኮሻኮሸ። ሙሉ አንዱን አንሥታ ሰበረችው፣ አሸተተችው። ሙቀጫና ዘነዘናውን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችልኝና ገባች። ወቀጥሁ። አቧራው አፍንጫዬ ገብቶ ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

በማግስቱ ለምሳ በወይካው ወጥ ሠርታ በማሽላ ገንፎ አቀረበች። አንድ ጊዜ ጠቅሼ ወደ አፌ ሳደርስ ክሩ እንደ ድሮው ተከተለኝ። ልክ አንቺ የሠራሽው ነበር። ሙሉ ፊቴን አይታ፣ «አስጠላዎት፣ አባዬ?» አለችኝ። በጣም አልኋት። ጨምሪልኝ።

ትራክተሩ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ሆን ብዬ ሳልለቅም ያስረጀሁትን ፍሬ ፈልፍዬ፣ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፤ ለሚመጣው ክረምት በገዛ እጄ እዘራዋለሁ። እግዜር ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ ዓለምዬ፣ በየዓመቱ እየቀፈፈኝ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ