በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለደረሰኝ የሥጋ ምርመራ ውጤት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቄራው የሥጋ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሆድዎ፣ አንጀትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ ያለ አንዳች እክል ሥራቸውን እየሠሩ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ኩላሊት ከዚህ በፊት እምብዛም አላውቅም ነበር፤ በቅርቡ ግን በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ሰፊ ትምህርት አግኝቻለሁ።

እኔን መቼም አይረሱኝም። ባለፈው ወር መጥረቢያ ይዤ ቢሮዎ የገባሁት፣ በክስ ወረቀቱ ላይ «ማንነቱ የታወቀ ወሮበላ» ተብዬ የተጠራሁት፣ ከገበያው በታች ያለችው ሉካንዳ ባለቤት ነኝ። ወሮበላ መባሉ ትንሽ ቢጎረብጠኝም ማንነቴ መታወቁ አኩርቶኛል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሥጋ ስቆርጥ መሥሪያ ቤትዎ አንድ ቀን እንኳ ማን ነህ ብሎኝ አያውቅም ነበርና። ስለዚህ የዛሬው ደብዳቤዬ ለመከላከያ ሳይሆን ለምስጋና የተጻፈ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማኅተምዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ለእኔ የደረሰችው ላም ስትበለት ቆሜ አይቻለሁ። አራጁ ሰባውን ከብት እስከ ረፋድ ጨርስ ተብሎ ስለታዘዘ እጁ ይበር ነበር፤ ሆዷን ሲቀድ ቢላው አንጀቷን ዘረገፈው፣ ፈርሱም ከነትኩሳቱ፣ ከነደሙ በታፋዋ ላይ ተንዠቀዠቀ። በጎማ ውኃ ለቀቁባት። ውኃው ተንጠባጥቦ ሳያልቅ ማኅተም መቺዎ ያንን ወይን ጠጅ ማኅተም ታፋዋ ላይ ግጥም አድርጎ መታው። በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት ከብት ብቻ የምትወሰደው ጥፍር የምታህል ናሙናም ተቆርጣ ወደ ላብራቶሪ ሄደች፤ ሥጋው ግን እሷን አልጠበቃትም፣ ጭነን ወጣን። ሉካንዳ ደርሼ ስሰቅላት ከታፋዋ ሥር አረንጓዴ ቅሪት አየሁና በቢላዬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ጣልኩት። ማኅተም ካለበት እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ይህን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ከዚህ ታንብበው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርመራዎ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። እንደተረዳሁት በመሥሪያ ቤትዎ አሠራር አንድ ናሙና ብቻዋን አትመረመርም፤ ሃያ ጓደኞች እስኪሟሉላት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትቀመጣለች። ሃያ ሲሞሉ ተህዋሲው በሳህን ላይ እስኪበቅል ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን። እንዲህ ያለ የተረጋጋ አሠራር እንዳለ ሳላውቅ፣ እኔ በዚያው ማክሰኞ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከታፋዋ ቆርጬ ለልጄ ራት አቀረብኩ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። የፊት ጥርሶቿ አራቱም ስለወለቁ ወላቃ እያልን እንጠራት ነበር፣ እሷም ድዷን አሳይታን ትስቅ ነበር። መንከስ ስላልቻለች ሥጋውን በመፍጫ ፈጨሁላት፤ ላዩ ላይ የነበረውንም መርዝ በገዛ እጄ ወደ ውስጡ ከተትኩት። ጠበስኩላት። መሐሉ ቀላ ያለ ነበር፣ እሷም እንደዚያ ነው የምትወደው።

ዓርብ ዕለት ደም አስቀመጣት። ደም ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፣ ክቡር ሆይ፤ በደም ውስጥ ቆሜ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ። ያ ግን ሌላ ነበር። እናቷ አንሶላ እየቀየረች፣ እኔ እያጠብኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ልጃችን ከውስጧ እየተቦጨቀች ወጣች። ሥጋውን በበላች በስምንተኛው ቀን ሽንቷ ቆመ፣ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። ሲያንዘፈዝፋት ለአራት ይዘናት አልቻልናትም፤ እጇ የሆስፒታሉን አልጋ ብረት እየመታ ጣቶቿ ተሰበሩ። ሐኪሙ በዚያ ክፍል ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ሕፃናት እንዳሉ ነገረኝና ሥጋው ምን እንደነበረበት አጣርቼ እንድመለስ ላከኝ። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሮጥኩ። ናሙናዬ በሰልፍ ላይ መሆኗን፣ አሥራ ሰባት መድረሳቸውን፣ ሦስት ብቻ እንደሚቀር ሰምቼ ተመለስኩ። ስለ መስተንግዶው እንደገና አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ይኸኛው ምስጋና ከእጄ እንዳያመልጠኝ ቀስ ብዬ ልጻፈው። በሩ ላይ አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ተከትላኝ ወጣች። እንባዋ እየወረደ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ናሙና ከተሰጠው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱን የሚናገር ማሽን እንዳለ፣ የተመረቀውም ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ነገረችኝ። ማሽኑ የመጣው ከቢሮ ወንበሮች ጋር በአንድ መኪና ስለነበረ ንብረት ክፍሉ ከወንበሮቹ ጋር በአንድ ወረቀት «የቢሮ ዕቃ» ብሎ መዝግቦታል፤ የቢሮ ዕቃ ደግሞ ወደ ላብራቶሪ አይዛወርም። አራት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃ አራት ጊዜ ወንበር የሚያስፈልግሽ ከሆነ አመልክቺ የሚል መልስ ተሰጥቷታል። ስለዚህ ማሽኑ በእርስዎ ቢሮ ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ተቀምጧል።

ዘጠኝ ሰዓትና አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ክቡር ሆይ። በመካከላቸው ሦስት ሰዓት አለ። ያን ዕለት ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ልጄ ራት ሳይቀርብላት ሥጋው ከመንጠቆ ይወርድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያዬን ይዤ መጣሁ። ዘበኛውን ገፍትሬያለሁ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ የዕለት ጉርሱን የሚያባርር ሰው ነው። በርዎን በሁለት ምት ነው የፈለጥኩት፤ ክሱ ላይ አምስት የተባለው ሙያዬን የሚያዋርድ ስለሆነ ይታረምልኝ። እርስዎ ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ሃያ ሁለት ዓመት መገጣጠሚያ ስፈታ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ጎንበስ ብለው ሳይዎት ከአንገትዎ የትኛው አጥንት ላይ ቢያርፍ በአንድ ምት እንደሚለያይ ዓይኔ ሳልጠይቀው አሳየኝ። ፈልጌም ነበር። እጄ ተነሥቶም ነበር። ነገር ግን ማሽኑን ለመሸከም ሁለት እጅ ያስፈልግ ስለነበር መጥረቢያውን ጠረጴዛዎ ላይ ሰክቼ ተውኩት። በሕይወት ያሉት በምሕረቴ ሳይሆን በማሽኑ ክብደት ነውና ምስጋናውን ለእሱ ያድርሱልኝ።

ማሽኑን ተሸክሜ ላብራቶሪ አደረስኩት። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ከማቀዝቀዣዬ ያመጣሁላትን የዚያችን ላም ታፋ ትራፊ መረመረችው። ውጤቱ በዚያው ዕለት ከሰዓት ወጣ፤ ልክ እንደተባለው። ተህዋሲው ሥጋው ውስጥ ነበረ፤ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ያን ማክሰኞ ታርዶ በሦስት ሉካንዳዎች በረዶ ቤት የቀረው ሥጋ ተሰብስቦ ተቃጠለ። ሁለቱ ሕፃናት ተርፈዋል። የእኔ ወላቃ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች። ላሟ በታረደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ፖስተኛው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አመጣልኝ፦ «ሥጋው ለምግብነት የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ እንዳይሸጡ በጥብቅ እናሳስባለን።» ስለ ማሳሰቢያው አመሰግናለሁ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ልመና ነው። ፖሊስ ማሽኑን ከላብራቶሪ አንሥቶ በእኔ ላይ ለቀረበው ክስ ኤግዚቢት ብሎ ቆልፎበታል። የእርስዎ ጠበቃ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አስለውጠዋል። ክሱ እስኪያልቅ ማሽኑ አይወጣም፤ ሰባው ከብት ግን ዛሬም ጠዋት ታርዷል፣ ማኅተሙም ተመትቷል፣ የሰው ልጅም ዛሬ ማታ ይበላዋል። ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በርዎን መስበሬን፣ ዘበኛዎን መገፍተሬን፣ ዕቃዎን መዝረፌንና ሊገድልዎ የተነሣ እጅ የእኔ መሆኑን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ምስክር አያስፈልግም። የፈለጉትን ያህል ዓመት ይፈረድብኝ፤ ብቻ በዚህ ሳምንት ይሁን፣ ማሽኑም ወደ ላብራቶሪዋ ባለሙያ ይመለስ።

ለፈጣን ማኅተምዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያለኝ፣ ፈጣን ፍርድ የምለምንዎ፣
የሉካንዳው ባለቤት፣ የወላቃ አባት።

ግልባጭ፦
ለፖሊስ ጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል
ለላብራቶሪዋ ባለሙያ
ለባለቤቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠረጴዛው ሥር ሲገቡ ምሳ ዕቃዎ ወድቆ ተከፈተ፤ የተቀቀለ ድንችና ካሮት ነበር። ሐኪም አዞዎት ይሆናል ብዬ አዝኜልዎት ነበር። በኋላ ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ ግን እዚህ ወንበር ላይ ከተሾሙበት ቀን ጀምሮ እርስዎም ሆኑ ልጆችዎ ሥጋ በአፋችሁ ገብቶ አያውቅም።