ከማዳመጥ ትምህርት የቀረሁበት ከሰዓት

ለክቡር የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአዲስ ተማሪዎች የዝግጅት ሳምንት ስለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። በተለይ ወገብዎን እንዴት አድርጎዎት ይሆን? በመክፈቻው ዕለት ስለ ወገብዎ ሕመም ሃያ ደቂቃ ያህል ያጫወቱንን አንድም ሳላስቀር አዳምጬ ስለነበር፣ ሳልጠይቅዎ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ትራስዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱም ምንም ነገር እንዳያደናቅፍዎ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ ደረጃው ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ለትርፍ ጊዜው የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ካለፉት አርባ ሰዎች ሠላሳ ሰባተኛዋ ነበርኩ። እንጀራዬ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ተቀምጬ የሕመምተኛ ካርድ ሳወጣና ስመልስ ኖሬያለሁ። ሰው መስኮቴ ጋ መጥቶ በአፉ ካርዱን ይጠይቃል እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። አንዱ ዶክተሩ በችኮላ የነገረው ነገር ምን ማለት እንደሆነ፣ ሌላዋ ባሏ ሳያያት የምታለቅስበት ጥግ የት እንደሆነ ይጠይቁኛል። የሆስፒታላችን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ዘንድሮ ጡረታ ስለሚወጡ፣ ትምህርቱን በዚህ ዓመት ከጀመርኩ ወንበራቸውን እንደሚያቆይልኝ ሥራ አስኪያጃችን ቃል ገብቶልኝ ነበር። እናንተም ፕሮግራሙ ለሠራተኞች የተመቻቸ ነው ብላችሁ ስታስታውቁ፣ እኔ ሞኟ አምኜ ተመዘገብኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሥራ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀውን ፕሮግራም የዝግጅት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ስላደረጋችሁልን አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የሚገኝ ሠራተኛ አለመኖሩን በምን ጥናት እንዳረጋገጣችሁ ባላውቅም፣ ጥናቱን ባገኘው አንብቤው አልጠግብም ነበር። ይበልጥ የገረመኝ ግን ከማመልከቻችን ጋር እንድናያይዝ የታዘዝናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው፤ አንደኛው አመልካቿ በሙሉ ጊዜ ሥራዋ ላይ እንደምትገኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ሳምንት ሥራዋ ላይ እንደማትገኝ መሥሪያ ቤቷ የሚመሰክርባቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቀን መጻፍ ያለባቸው ደብዳቤዎች። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው ካጠለቁ በኋላ፣ ልጄ፣ አለች ብዬ ልፈርም ወይስ የለችም ብዬ ሲሉ በጭንቀት ጠየቁኝ። ሁለቱንም ይፈርሙልኝ አልኳቸው። ፈረሙ፤ ከዓመት ፈቃዴም ላይ አምስቱን ቀን ቀነሱ። ያንን ፈቃድ ያስቀመጥኩት እናቴን ዓይኗን ለማሳከም ነበር። እናቴም የእኔ ዓይን የትም አይሄድ፣ ይልቅ አንቺ ተማሪ ብላ መርቃ ላከችኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዘግይቶ መጀመሩ ነገሩን በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር ጭምር ስላሳየን ባለውለታዎ ነኝ። ስልሳ አራት ገጽ ያለው የአዲስ ተማሪዎች መመሪያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማንበብ ለምንችል ለአርባ የዲግሪ ባለቤቶች፣ ድምፅን ከፍ በማድረግ ተነቦልናል። ራስን ስለመንከባከብ የሚያወራው ምዕራፍ በቀን ስምንት ሰዓት እንድንተኛ፣ በእግራችን እንድንንሸራሸርና ለምንወደው ነገር ጊዜ እንድንሰጥ ሲመክረን፣ ፔርሙዙን ከእጁ ስለማይለይ ጋሼ ፔርሙዝ ያልነው፣ በሙያው መምህር የሆነው ጎልማሳ ተማሪ ጓደኛችን አጠገቤ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ደገፍ እንዳደረገ ምክሩን እዚያው በተግባር ላይ ሲያውለው ነበር። እኔም አልቀሰቀስኩትም፤ ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳ መመሪያውን ማክበሩ ደስ አሰኝቶኛል።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሱኝ።

በመጀመሪያው ቀን እጃችንን አንስተን ቃል የገባንባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ፣ የሰውን ምስጢር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም እንዳንናገር ነው። ሌላው የመመሪያው አንቀጽ ዐሥራ አራት ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ፊርማ የጎደለችበት ተማሪ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል፣ ማኅበራዊ ጉዳይም ለቀሪነት ምክንያት አይሆንም ይላል። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል መሆኑን ለማመን ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ገልጬ አይቻለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት የነበረን ትምህርት የማዳመጥ ክህሎት ይባላል። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ግድግዳው ላይ የተንጸባረቀውን ጽሑፍ ያነቡልን ነበር፤ አንድ ሰው እጁን ቢያወጣም ዞረው ስለማያዩ እጁ ሲደክመው ያወርደዋል። ካነበቡት ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ገባች፤ የተጨነቀ ሰው ቅጽ ሞልቶ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ባለበት ድረሱለት የምትል ናት። ከዚህ በኋላ ዕረፍት ተባለ፤ እኔም ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ወድቆ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሥራ ቦታዋ ላይ ወድቃ ወደ ሆስፒታል መወሰዷን በስልክ ነግረዋት ነው። መነሳት አቃታት። ጫማዋን አነሳሁላትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እህቷ የተወሰደችው እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ስለነበር፣ በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ ማንን እንደሚጠይቁ፣ የትኛው ነርስ ቁጡ ትመስል እንጂ አንጀቷ እንደሚራራ ነገርኳት፤ ለሥራ ባልደረባዬም ደውዬ እህቷ የት እንደተኛች አጣራሁላት። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ዝም ብዬ መስማት ነው። ስለ እህቷ ነገረችኝ፤ እየሠራች እንዴት እንዳስተማረቻት፣ እሷ የቢሮ ሥራ እንድትይዝ ብላ የራሷን ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል እንዴት እንዳቋረጠች። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀን።

በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ሦስት የትምህርት ክፍሉ መምህራን በአጠገባችን አልፈዋል። የመጀመሪያው ይቅርታ ብለው አለፉ። ሁለተኛዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አለፉ። ሦስተኛው ቆም አሉና፣ እኔም ተመስገን አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ቀና ስል፣ ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል መሆኑን አሳስበውን ሄዱ። ሴትየዋን ታክሲ አሳፍሬ ስመለስ፣ ወትሮ የፊርማውን ወረቀት ይዘው የሚዞሩት የክፍሉ ጸሐፊ በዚያ ከሰዓት ስላልነበሩ መምህሩ ራሳቸው አዙረው፣ ራሳቸው ሰብስበው፣ በስሜ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ቀሪ ብለው ጽፈውበት ጨርሰዋል።

እንግዲህ በእርስዎ መዝገብ መሠረት፣ በማዳመጥ ትምህርት ላይ የተገኘው ሰው ተቀምጦ የመምህሩን ጀርባ ያየ ነው፤ የቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጓደኞቻቸው ፈርመውላቸው እቤታቸው ጋደም ያሉ ተማሪዎችም እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ቁጥራቸውን ግን የምስጢር ቃል ስላለብኝ አልናገርም። ጋሼ ፔርሙዝ በማግሥቱ ምነው ሳትነግሪኝ፣ ለአራት ሰው ስፈርም አንቺ ትከብጅኝ ነበር ወይ ብሎ እጁን በቁጭት አማታ።

አራተኛ፣ አቤቱታዬን ስለተቀበላችሁልኝ እጅ እነሳለሁ። የመጀመሪያው መልሳችሁ አንድ መስመር ነበር፤ ማኅበራዊ ጉዳይ ለቀሪነት ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ ጊዜ ስጽፍ ግን ኮሚቴው ራራልኝና፣ አለቀሰች የተባለችው ሴት ሙሉ ስሟን ከነአያቷ፣ አድራሻዋንና ያለቀሰችበትን ምክንያት በጽሑፍ አስፍራ፣ ጽሑፉም በትምህርት ክፍሉ ማኅተም ተረጋግጦ እስከ ዓርብ እንዲቀርብ ወሰነ። የሰው ምስጢር አሳልፈን እንዳንሰጥ እጃችንን ያስነሳን ኮሚቴ ይኸው መሆኑን ሳስታውስ፣ ምናልባት እየፈተናችሁን ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ፈተና ከሆነ እንግዲህ አልፌያለሁ፤ ስሟን አልሰጠሁም። እህቷን በምታስታምም ሴት ደጃፍ ቅጽ ይዤ ቆሜ፣ እባክሽ ማልቀስሽን ፈርሚልኝ ማለት አልሆነልኝም። ደግሞም ብሰጥ ምን ዋጋ ነበረው? ማኅተሙን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ያገኘሁት፣ ጸሐፊዋ ስለሌሉ ማኅተም የለም የሚል በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሰኞ ጠዋት ስሜ ከሰሌዳው ላይ ተሰረዘ። የሆስፒታሉም ወንበር ዓመት ሙሉ ክፍት አይቆይምና ለሌላ ሰው ተሰጠ። እርስዎን በአክብሮት ስጽፍ ቆይቼ አሁን አንድ ጊዜ ያለ አክብሮት እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ነገር በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ሲሄድ፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቼ አልቅሻለሁ። ያቺን ለሌላ ሰው ሳሳያት የኖርኩትን ጥግ እኔም አወቅኳት። ያም ሆኖ ያ ረቡዕ ተመልሶ ቢመጣ፣ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ እዚያው ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ።

አክብሮቴ ተመልሷል። ቦታዬ ይመለስልኝ ብዬ ዳግመኛ አላስቸግርዎትም፤ በሚመጣው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ፤ ያኔም ውኃዬን ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ወገብዎን አደራ፤ ከባድ ነገር አያንሱ፣ ለማንም ብለው ጎንበስ አይበሉ።

ለከፍተኛ ቢሮዎና ለረጅሙ ደረጃው ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከመስኮቴ ሆኜ እጅ የምነሳዎ፣

ቀሪዋ ሠላሳ ሰባተኛ
የካርድ ክፍል፣ መስኮት ቁጥር ሁለት

ግልባጭ፦
— ለማዳመጥ ክህሎት መምህር (ዞር ብለው እንዲያነቡት)
— ለእናቴ (ዓይኗ ሲታከም እንድታነበው)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ያቺ ሴት የእህቷን ካርድ ልትወስድ መስኮቴ ጋ መጥታ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው ስትል ጠየቀችኝ። ልሸፋፍን ሞከርኩ፤ እሷ ግን እንደ እኔ የሰውን ፊት ታነባለች። ነገሩን ሁሉ ስትሰማ በጣም ተቆጣች፤ ስሜን ተይው፣ ሥራዬን ግን ጻፊው ብላ ፈቀደችልኝ። ይህን ደብዳቤም ራሷ አይታ፣ ጉዳዩ የሚለው ከመሃል ካልሆነ እርስዎ እንደማያነቡት ነግራኝ አስተካክላልኛለች። እንግዲህ በፈቃዷ ልንገርዎ፤ ደረጃው ላይ ስታለቅስ የነበረችው የራስዎ ጸሐፊ ናት። እነዚያ ሦስት መምህራን በየጠዋቱ ሰላም የሚሏት፣ ስድስት ዓመት ቁልፍ የተቀበሏት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ባዶ ነው። የፈቃድ መጠየቂያዋን በሰው ልካ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች፤ ደብዳቤ የምትከፍትልዎ እሷ ስለሆነች እስካሁን አልተከፈተ ይሆናል፤ የእኔንም ፖስታ ውስጥ ሳላሽግ የላክኩት ለዚሁ ነው። ከትምህርት ክፍሉ ሦስት ጊዜ ተደውሎላታል፤ ሦስቱንም ጊዜ የተጠየቀችው የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ የት እንዳለ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ስለ ትምህርት ክፍላችሁ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቁልፉ መስኮቱ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ነው። እህቷ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል፣ አልጋ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ናት። የመጠየቂያ ሰዓቱ ከዐሥራ አንድ ተኩል እስከ ዐሥራ ሁለት ተኩል ነው። ማኅበራዊ ጉዳይ ለቀሪነት ምክንያት እንደማይሆን ስለማውቅ፣ ሰዓቱ ከሥራ መውጫዎ በኋላ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጬልዎታለሁ።