ለሦስት ሰው የሰጠሁት ሦስት ቃል

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ ስለረሳሁሽ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲጽፍ የሚውል ሰው ለራሱ ጉዳይ ብዕር ሲያነሳ እጁ ይከብደዋል። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። ወደ አንቺ የሚሄድ ሰው አይጠፋምና ከሌላ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አገርሽ አርብ ገበያ ያለው ቤትሽ እንደተቆለፈ ነው። የጓሮሽን ጌሾ ጎረቤት ይለቅመዋል፤ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። እዚህ ንፋስ መውጫ አሁንም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ከጎኔ ሱቅ ከፍተው ግማሹን ደንበኛ ወስደውብኛል። የቀሩኝ ሽማግሌዎች «የአንተ ጽሕፈት ዳኛ ያስደነግጣል» እያሉ ይመጣሉ። አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ ልጅሽ ትርንጎ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ አሥረኛ ክፍል ናት። በቁመት በልጣሻለች። እንደ አንቺው «አያ» ትለኛለች።

የምነግርሽ ስለ እሷ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ፀጉሯን ልትሠራ ተቀመጠችና ግማሹን ጎንጉና ተወችው። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ባንድ ጎን ሹሩባ፣ በሌላው ጎን ጎፈሬ ሆና ሁለት ሳምንት ከረመች። አንቺ ስትሠሪያት እንዴት ትጠፍሪያት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ዓይኗ እስኪቀጥን ትጎትቻታለሽ፣ እሷ ትጮኻለች፣ አንቺ ትስቂያለሽ። አሁን የሚጮህም የሚስቅም የለም። ከትምህርት ቤት መጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ሳትበላ ጠግቤያለሁ ትላለች። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ። እኔ ስንፍና ነው አልኩ። ይኼን ማለቴን አልደብቅሽም።

በየቤቱ እየዞረች ስለ ሽንት ቤትና ስለ ክትባት የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ተቀመጪ ሳይሏት የምትቀመጥ። ትርንጎን ስታያት ስለ ሽንት ቤቱ መጠየቅ ረሳች። ጤና ጣቢያ ወዳለችው ሲስተር ላከቻት። ሲስተሯ ደግሞ ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ መራቻት። እሱ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት ነው። «ድባቴ ይባላል፤ በሽታ ነው፤ ይታከማል» አለኝ። ድብርትማ ጉም ሲወርድ ሁላችንንም ይይዘናል ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት። ለማንኛውም በየረቡዑ እንድትመጣ ቀጠራት።

ጥርጣሬ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለኤክስቴንሽኗ በራችን ላይ ቆሜ የነገርኳትን በሳምንቱ ሲስተሯ መልሳ ጠየቀችኝ። ለሲስተሯ ያልኩትን ወጣቱ ያውቀዋል። ከተማችን ስሟም ንፋስ መውጫ ነው፤ ወሬ አይቀመጥባትም። አንዲት ልጃገረድ የአእምሮ ታማሚ የሚል ወሬ አንዴ ከወጣባት ማን መልሶ ያስገባላታል? ሲስተሯን ፊት ለፊት ብጠይቃት «ተማክረን ነው የምንሠራው» አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በደል ስጽፍ «ተማከሩ» ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ «ዶለቱ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ሦስት ሰው ወረቀት ይዞ ስለ አንድ ቤት ሲነጋገር መጨረሻው የዚያን ቤት ሰው ጥፋተኛ ማለት ነው ብዬ አመንኩ። አጎቷ በወጉ አልያዛትም ሊሉ ነው፤ አደራሽን ከእጄ ሊወስዱ ነው አልኩ።

ፍርድ ቤት ደጅ ያረጀ ሰው የሚያውቀው አንድ ዘዴ ነው። ምስክር ለየብቻ ይጠየቃል፤ ቃሉ ከተጋጨ ውሸቱ ይወጣል። እኔ ዘዴውን ገለበጥኩት። ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ቃል ሰጥቼ የትኛው በማን በኩል እንደሚወጣ ልይ አልኩ። ለኤክስቴንሽኗ «አሁን ተሽሏታል፤ ትበላለች፣ ትተኛለች» አልኳት። ለሲስተሯ «ዓይኗን ሳትከድን ነው የሚነጋው» አልኳት። ለወጣቱ ደወልኩና «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አርብ ገበያ ዘመድ ጋ ልትቀመጥ ነው» አልኩት። ከዚያ የትኛው ቃል ገበያ ላይ እንደሚሰማ ጆሮዬን አቁሜ ተቀመጥኩ።

ገበያ ላይ አንዱም አልተሰማም።

ረቡዕ ትርንጎ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ወጣቱ ቃሌን አምኖ፣ እዚያም ክትትሏ እንዳይቋረጥ ብሎ ወረቀቷን ወደ አርብ ገበያ ልኮት ኖሯል። ሰዓቷንም ለሌላ ልጅ ሰጥቶታል። ካርድ ክፍል ያለው ሰው «አጎትሽ ወደ አገርሽ ሊልኩሽ አይደል?» ብሎ መለሳት። እሷ ደግሞ ከሲስተሯ ጋር ስታወራ «ለሁሉም ሸክም ነኝ» ስትል ከርማለች። ይኼን እኔ አላውቅም፤ እነሱ ግን ያውቃሉ። ቤት ተመልሳ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ወጣች።

ያን ዕለት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ስልክ ተደዋውለው ነበር። አንደኛዋ ትተኛለች ትላለች፣ ሌላዋ አትተኛም ትላለች። ለወጣቱ ቢደውሉ ልትሄድ ነው ይላል። የሦስቱ ቃል አልገጥም ሲላቸው ደነገጡ። ኤክስቴንሽኗ ወደ ቤቴ ስትሮጥ በሩን ክፍት አገኘችው። ከዚያ እኔ ጋ መጣች። አንድ ገበሬ ፊቴ ተቀምጦ የወሰን ክርክሩን እያስጻፈኝ ነበር። «ጋሼ፣ ትርንጎ የት ናት?» አለችኝ። ሆስፒታል አልኳት። «እዚያ የለችም» አለች። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አልጨረስኩትም።

ያገኘናት መናኸሪያ ነው። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶለት ቢሆን ኖሮ ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ላስበው አልችልም። ድንጋይ ላይ ፌስታሏን አቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። «አያ፣ አደራው ከከበደዎት ለራሴ ይንገሩኝ እንጂ ለምን በሰው ያሰናብቱኛል?» አለችኝ። እታለም፣ ስንት ሰው በኔ ብዕር ተከሷል፤ እኔን ግን እንደዚያ አድርጎ የከሰሰኝ የለም።

በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስታችን ተቀመጥን። ሲስተሯ ምሕረት አታውቅም። «ጋሼ፣ እኛ ምስክር ነን እንዴ ለየብቻ የሚፈትሹን? ሳንደዋወል ውለን ቢሆን አሁን የት እንፈልጋት ነበር?» አለችኝ። ኤክስቴንሽኗ ቀበል አድርጋ «እኔማ ሽንት ቤቱንም ዋሽተውኛል ብዬ ጠርጥሬያለሁ፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። ትርንጎ ከንፈሯ ትንሽ ተነቃነቀ። ሳቅ ይሁን አይሁን አልለየሁትም። ቃሌን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ወጣቱ ሰዓቷን መለሰላት።

ተለወጥኩ ብዬ አላታልልሽም። አሁንም ብዕር ይዞ ሲያዳምጠኝ የማየው ሰው ሁሉ ያጠራጥረኛል። ምን እንደሚጽፉ፣ ማን እንደሚያነበው ጠየቅኋቸው። እነሱ ግን ወደ ትርንጎ ዞረው የትኛውን እርስ በርስ እንነጋገርበት፣ የትኛውን በምስጢር እንያዘው ብለው እሷን ጠየቋት። ለሦስታቸው ሁሉንም ፈቀደች። ለአያ ግን አንድ ነገር አይነገር አለች። እናም በየረቡዑ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የተዘጋ በር አያለሁ። ስለ እኔ ይሆን? ስለ አንቺ ይሆን? እየጠረጠርኩ እጠብቃለሁ፤ ስትወጣ ግን አልጠይቃትም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ትርንጎ «እናቴ በኔ ዕድሜ ምን ዓይነት ነበረች?» አለችኝ። ሳቂታ ነበረች፣ ጎበዝ ነበረች፣ ሰው ወዳድ ነበረች እያልኩ ቀጠልኩ። መንገድ ላይ ቆም አለችና «አያ፣ ይኼ ማመልከቻ ነው። የሆነውን ይንገሩኝ» አለች።

ነገርኳት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ከሰኔ እስከ መስቀል ከመደብ አልተነሳሽም። ሰው ሊጠይቅሽ ሲመጣ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ፤ «ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟት ነው» እያልኩ እመልሳቸው ነበር። የቤታችን ስም እንዳይነሳ ብዬ ነው። አንቺን ግን ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀሽ አንድም ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም።

«ታዲያ እንዴት ተነሳች?» አለች ትርንጎ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። «ይኼንን ለነሱ ብነግራቸው ይከፋዎታል?» አለችኝ። የቤታችን ነገር በሦስት ሰው ወረቀት ላይ ሲጻፍ ታየኝ። ንገሪያቸው አልኳት።

እታለም፣ ሙት ዓመትሽ በመጣ ቁጥር ሰው ተሰብስቦ ስምሽ ሲነሳ ሳቅሽን አንስቼ አላበቃም። ያን ክረምትሽንም፣ በር ላይ ቆሜ የመለስኳቸውን ሰዎችም አነሳለሁ። ሳላጎድል አስታውስሻለሁ።

አያ