ወፊቱን ስላሳረፉልን እናመሰግናለን

ለክቡር አቶ ሂሳኖሪ ኢቺሙራ
የሺራናሚ ማዕከላዊ የባቡርና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የዝናቡ ወር ከገባ ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ያ የቀኝ ትከሻዎ ደህና ነው? ትከሻዎን በአደባባይ ማንሳቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ከምሥራቁ መውጫ ፊት ለፊት ባለችው ክፍሌ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ የሚታሹት እኔ ዘንድ ነውና። ወጌሻዎ ታዙኮ ኦኩዳይራ ነኝ። ዓይነ ስውር መሆኔን ያውቃሉ ብዬ ነበር የምኖረው፤ ሰሞኑን ግን ተጠራጠርኩ።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴንም ይቅር ይበሉኝ። በጣቢያዎ የአቤቱታ መስኮት ደጋግሜ ቀርቤ፣ በቀረብኩ ቁጥር ሠራተኛው በትሕትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኛል። እጅ መንሳቱን ያወቅሁት ድምፁ ወደ ወለሉ ሲወርድ ሰምቼ ነው፤ ከዚያ ቀና ይላል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እዚህ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ወፊቱ። ከባቡር ስንወርድ ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ ራስ ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ የምትጮህ ድምፅዋ የተቀዳ ወፍ ነበረችን። ለዓይናሞች ጌጥ ነበረች፤ ለእኛ ግን «ደረጃው እዚህ ነው» የምትለን እሷ ብቻ ነበረች። ከጣቢያው በላይ ያሠሩት የገበያ ሕንፃ በተመረቀ ሰሞን ከአዲሱ ድባብ ጋር አትሄድም ተብላ እንድታርፍ ተደረገ፤ በምትኩም ከየጣሪያው እኩል የሚንቆረቆር ፒያኖ ተለቀቀልን። ሙዚቃው ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ፣ ለእኔ ደረጃውም በሁሉም አቅጣጫ ያለ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ብልጽግና አይቼ አላውቅም፤ አሁንም አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ወፊቱ ከመቋረጧ በፊት ለሚመለከታቸው ሁሉ በወቅቱ አሳውቀናል ብለዋል። እውነት ነው፣ አሳውቀዋል። በሚያምር ሰማያዊ ፊደል አሳትመው፣ ከግርጌውም ቆብ ያደረገ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚያሳይ ሥዕል ጨምረው ግድግዳ ላይ ለጥፈውልናል። ታላቅ ወንድሜ ሞሪዮ በስንት ጊዜው አይቶ ነው ያነበበልኝ። ለዓይነ ስውር የሚጮኸው ነገር መቋረጡን ለዓይነ ስውር በጽሑፍ መንገር ከእርስዎ ቢሮ በቀር ለማን ይመጣለታል?

ሦስተኛ፣ በትራችን እንዲከተለው ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ጎርበጥባጣ ቢጫ መስመር ለእንፋሎት ዳቦ ሻጩ ሰልፍ ስለፈቀዱልን። ሰልፈኞቹ እንኳን ጨዋዎች ናቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸውን በበትሬ የምመታው እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

አራተኛው ምስጋና ለእርስዎ አይደለም። ባለፈው ወር ከባቡር ወርጄ ደረጃው ነው ወዳልኩት ስራመድ፣ የደረቀ ዓሣ የምትሸት አንዲት ሴት የቦርሳዬን ማንገቻ ከኋላ ጨምድዳ ያዘችኝ። «እህቴ፣ በዚያ በኩል ደረጃ የለም፤ ባቡር ነው የሚመጣው» አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ የባቡሩ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት በሕዝቡ ተወስዳ ሄደች፤ ይህን ካነበበች ሕይወቴን ያቆየችልኝ እሷ መሆኗን ትወቅልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞሪዮ ጠዋት እጅጌዬን ይዞ ያደርሰኛል፣ ማታ መጥቶ ይመልሰኛል። ጡረታ የወጣው ለዚህ አልነበረም። አንድም ቀን አላማረረም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ብቻዬን ገብቼ ብቻዬን የወጣሁ ሰው፣ ዛሬ እንደ አደራ ዕቃ እየተረከቡኝ ነው። ተዋርጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ አጥቻለሁ።

ይህንኑ ሁሉ ባለፈው ሐሙስ በሆድዎ እንደተኙ አንድ ባንድ ነገርኩዎት። ስጨርስ፣ ያዳምጡኝ እንደነበር የሚያሳይ መልስ ሰጡኝ። «ወይዘሮ ኦኩዳይራ፣ ይገባኛል፤ ግን ለአንዲት ወፍ ብለን ይህን ሁሉ ሰው እንረብሽ? ደግሞስ ወንድምዎ አለልዎት አይደል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ክርኔ ትንሽ ጠበቅ ብሎብዎት ከሆነ፣ ለሕክምናው አስፈላጊ እንዳልነበረ አምናለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። የአዲሱን ሕንፃዎን እብነ በረድ አልነካም፣ ፒያኖዎም ይቀጥል። ወፊቱን ብቻ ወደ ደረጃዋ ይመልሱልኝ፤ ብቻዬን ልሂድበት።

ከደረጃው ግርጌ ሆና፣ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ሳትሆን፣ ወደ እርስዎ አቅጣጫ ነው ባለችው በኩል ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣

ታዙኮ ኦኩዳይራ

ማሳሰቢያ፦ ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ የሚታሹበት ሰዓትም ቦታም ተለውጧል። ዝርዝሩን እንደ ወጉ በወቅቱ አሳውቄዎታለሁ፤ በቀድሞው ክፍሌ በር ላይ በብሬል ተለጥፏል። መብራት ማብራት አይጠቅምዎትም፣ የሚነበበው በጣት ነው። ለሚደርስብዎ መጉላላት ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማንበቡ ቢያስቸግርዎትም አይጨነቁ፤ ወንድም አለልዎት አይደል?